ሽማግሌዎቹ ኮከቦችና የዲማ መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ የባሕር ዳር መኪና ስጠብቅ አንድ ረዳት ከጎኔ «ቢቸና፣ ቢቸና፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ መጣራት ጀመረ። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ስለነበር ሰው እየተጋፋ ይገባል። እኔ ቢቸና ጉዳይ የለኝም። ስሙን ስሰማ ግን ከመኪናው በር ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼ በቁመት በልጠውኝ፣ የአንዲት ከተማ ስም እንዲህ ሲያስደነግጠኝ ራሴን ታዘብኩት። ቢቸና ምንም አላደረገችኝም። የሚያስፈራኝ ከቢቸና ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በመንገዱ መጨረሻ የነበረው ሰው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ከኮምቦልቻ ተመድቤ መጥቼ በምሥራቅ ጎጃም አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። በጋውን አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የክረምት ተማሪ ኑሮ ለቀመሰው ሰው የታወቀ ነው። ጫማው በጭቃ ይከብዳል፣ ካልሲው አይደርቅም፣ የተከራየው ክፍል ግድግዳ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ጉም ከተማውን ሲሸፍነው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። እኔ በዚያ ደመና ሥር ሆኜ የመመረቂያ ጽሑፌን በጋላክሲ ላይ ካልሠራሁ አልኩ። ከመምህራኑ የሚበዙት ሳቁብኝ። እሺ ብለው አማካሪዬ የሆኑት ዶክተር ልየው ብቻ ነበሩ።

የዶክተር ልየው ሙያ የብረታ ብረት ጠባይ ነው፤ ጋላክሲ የእሳቸውም ሥራ አልነበረም። ሰማይ ስለሚወዱ ብቻ ተቀበሉኝ፤ ለዚህም ባለውለታቸው ነኝ። ይሁን እንጂ እንደሳቸው የምፈራው ሰው አልነበረም። ተቆጥተው ሲጮኹ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም፤ የባሰውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሰሌዳ ላይ የጻፉትን የመደመር ምልክት «መምህር፣ መቀነስ አይደለም ወይ?» ብሎ አረማቸው። ዶክተሩ ሰሌዳውን አዩ፤ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ እጃቸውን አራግፈው ወጡ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ልጁ ይቅርታ ጠይቆ እስኪመለሱ ድረስ ክፍሉ ያለ መምህር ሰነበተ። ምልክቱ የመቀነስ ነበር።

ሥራዬ ምን እንደነበር ባጭሩ ልንገራችሁ። እንደኛዋ ያለች ጋላክሲ ሰፌድ ትመስላለች፤ ሰፊና ቀጭን ሆና በመሐሏ ዙሪያ ትዞራለች። በውስጧ ያሉት ኮከቦች ግን እኩዮች አይደሉም። ጥንት የተወለዱ አሉ፣ ትናንት የተወለዱ አሉ። ጥያቄው የኮከቦቹ ዕድሜ ከአዟዟራቸውና ከአሰፋፈራቸው ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ነው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር የሠሯትን አንዲት ጋላክሲ ዶክተር ልየው በፍላሽ አምጥተው ሰጡኝ። በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ኮከብ የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ በስተመጨረሻም አንድ የጊዜ ቁጥር ተጽፏል። በዚህ ቁጥር ኮከቦቹን በሦስት ቡድን የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው። «ትንሹ ቁጥር ቀድሞ የተወለደው ነው» አሉኝ። እኔም ጻፍኩ።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለታችንም ደስ አለን። አንደኛው ቡድን፣ ሽማግሌዎቹ ያልናቸው ማለት ነው፣ በቀጭኑ ሰፌድ ላይ ተስተካክለው፣ ፈጥነው፣ እርስ በርስ ሳይጋፉ ይዞራሉ። ሦስተኛው ቡድን፣ ወጣቶቹ ያልናቸው፣ ከሰፌዱ ወደ ላይና ወደ ታች ተበትነዋል፤ አዟዟራቸው ቀርፋፋ ነው፤ ገሚሱ ወዲህ ገሚሱ ወዲያ ይላል። ዶክተር ልየው ግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩትና «አየህ ሰይድ፣ ሰማዩም ወጋችንን ያውቃል» አሉ። ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም አልተጠራጠርኩም። ባደግኩበት ሰፈር ሰርግ ቢሆን ለቅሶ፣ ታላላቆቹ በመልክ በመልክ ይቀመጣሉ፤ የሚተራመሰው ወጣቱ ነው። ውጤቱ እንዲህ የለመድነውን ነገር ሲነግረን ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ነሐሴ ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ገጥመው ስለነበር እኔም እጾማለሁ፣ አገሩም ይጾማል። ዶክተር ልየው ጽሑፌን ለፈታኙ ልከው፣ ስልካቸውን ዘግተው፣ ተወልደው ወዳደጉበት ወደ ዲማ ለሱባኤ ሄዱ። ዲፌንሱ፣ ጽሑፌን በፈታኝ ፊት የማቀርብበት ቀን፣ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ነበር፤ «በዕለቱ ጠዋት እደርሳለሁ» ብለውኛል። እኔ ለንግግሬ ማሟያ የሚሆን ነገር ፍለጋ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። መስመሩ እየተቋረጠ አንድ ጽሑፍ ወረደልኝ። ወጣት ኮከቦች ቀጭንና ፈጣን፣ አሮጌዎቹ ወፍራምና ዘገምተኛ ናቸው ይላል። ሌላ አወረድኩ፤ እሱም እንዲያው። ሦስተኛውም አልለየም።

ከዚያ ፋይሉን ያዘጋጁት ሰዎች የጻፉትን ማብራሪያ ፈልጌ አነበብኩ። የጊዜው ቁጥር የሚጀምረው ከፍጥረት መጀመሪያ አልነበረም። ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቆጠር ዕድሜ ነው፤ ትንሹ ቁጥር አሁን የተወለደው ኮከብ ነው። ዶክተር ልየው እንዴት እንደተሳሳቱ ወዲያው ገባኝ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ እዚያ ዘመን የሚቆጠረው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ወደ ፊት ነው። ቁጥር ሲያዩ ከመጀመሪያው እንደሚነሣ አድርገው ማንበብ ልማዳቸው ሆኖ ማብራሪያውን አላዩትም። እኔም እሳቸውን አምኜ አላየሁትም። ሽማግሌዎቻችን ሕፃናት፣ ሕፃናቱም ሽማግሌዎች ሆነው ቁጭ አሉ።

ያን ጊዜ የያዘኝን ፍርሃት ዛሬም በደንብ አስታውሰዋለሁ። ዝም ልበል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈታኝ ነገሩን የሚያውቅ ከሆነ በሰው ፊት እዋረዳለሁ፤ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ስሜ ያለበት ውሸት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አርሜ ብቀርብስ? የአማካሪዬ ፊርማ ሳይኖርበት የታረመ ጽሑፍ አይቀርብም። እንዲፈርሙ ደግሞ መሳሳታቸውን ልነግራቸው ነው፤ ለዚያውም በሱባኤያቸው መሐል። ጠመኔውን ሲያስቀምጡ በዓይኔ መጣብኝ። ትምህርት ቤቴ ሌላ ክረምት እንደማይለቀኝ አስቀድሞ ነግሮኛል። ያ ሰው ካኮረፈ የስንት ክረምት ድካሜ ገደል ገባ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቢቸና ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። የታረመውን ጽሑፍ ከነአዲሱ ግራፉ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከጃኬቴ ሥር ይዤዋለሁ። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል፤ ከበስተኋላ የተጫነው እርጥብ ጌሾ ይሸታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፉ ማሳ ገና ለጋ ሆኖ አረንጓዴ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን አይቼ አይቼ ባልጠገብኩት ነበር። ያን ቀን ግን የማስበው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነበር። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ ይለኛል።

ከቢቸና ወዲያ በክረምት መኪና አይገባም ተባልኩና ሱባኤ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር በእግር ተነሣሁ። ጥቁር አፈሩ ጫማዬን እየያዘ ያስቀርብኛል። አንድ ስሙን የማላውቀው ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ውሃው ቡናማ ነው፤ ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይሄዳል። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «ያዘኝ ልጄ» ብለው ክንዴን ያዙ። ውሃው ጉልበቴን ሲያልፍ እግሬ ከዳኝ፤ ማን ማንን እንደያዘ በዚያ የነበረ ሁሉ አይቷል። ማዶ ከወጣን በኋላ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ለምን ጉዳይ ነው እንዲህ ነፍስህን የምትሰጥ?» አሉኝ። መምህሬን ላገኝ ነው አልኳቸው። ወንዙን ስሻገር ለጥቂት ጊዜ ዶክተሩን ረስቼ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ።

ዲማ ስደርስ የገዳሙ ቅጥር ደጃፍ ላይ ቆሜ ዶክተር ልየውን እፈልጋለሁ አልኩ። በር ጠባቂዎቹ ሱባኤ የያዘ ሰው እንደማይወጣ፣ የግድ ከሆነ ግን ሊያስጠሩት የሚችሉት የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያስተምሩት የኔታ ብቻ እንደሆኑ ነግረው ከግቢው ውጭ ወዳለች አንዲት የሣር ጎጆ መሩኝ። እሰየው አልኩ በልቤ። ሽማግሌ አገኘሁ፤ እኔ ከምናገር እሳቸው ቢነግሩልኝ ነገሩ ይለዝባል። የኔታ ዓይናቸው የደከመ፣ ትንሽ ሰውነት ያላቸው አዛውንት ነበሩ። ፊቴን በጣም አስጠግተው አዩኝ።

«ሰው ሞተ?» አሉ።

«ኧረ የለም፣ አባ።»

«ታዲያ ምነው የመርዶ ነጋሪ ፊት ይዘህ መጣህ?»

ከዶክተሩ ጋር በሠራነው ሥራ ላይ ስህተት እንደተገኘ፣ እንዲሸመግሉኝ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ተጣልታችኋል ወይ አሉኝ። «ገና አልተጣላንም» ስላቸው ሳቁ።

«ስህተቱስ ምንድን ነው?»

«የኮከብ ነገር ነው፣ አባ።» ኮከብ ቆጠራ እንዳይመስላቸው ፈርቼ «ትምህርት ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት» ብዬ ጨመርኩ።

«የኮከብ ነገር አላውቅም። የማላውቀውን ይዤም ሰው ፊት አልቀርብም። አንተው ትነግረዋለህ፤ እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ሰው ላኩ። የጠበቅኩበት ጊዜ ረዘመብኝ። ተነሥቼ ልሂድ፣ ወንዙ ተመልሶ ሳይሞላ ልሻገር እያልኩ በሩን አያለሁ። በመጨረሻ ዶክተር ልየው ጎንበስ ብለው ገቡ። በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጢማቸው አድጓል፤ ከስተዋል። እኔን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ። ከዚያ ዝቅ ብለው የየኔታን ጉልበት ሳሙ። የኔታም «ልየው፣ ተቀመጥ» አሏቸው። ያን ስም ያለ ዶክተር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ፊደል ያስቆጠሯቸው እኒህ ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። የምፈራውን ሰው በገዛ መምህሩ ፊት ላርመው ነው። ከዚህ የከፋ ቦታ ፈልጌ ባላገኘሁ ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ። ቀጥዬ የተናገርኩት አንድ ላይ ወጣ። «ቡድኖቹ ተገልብጠዋል። አንደኛ ያልናቸው ሽማግሌዎቹ አይደሉም፣ ወጣቶቹ ናቸው። ቁጥሩ ከዛሬ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው።» ግራፉን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ተቀብለው አዩት። ወረቀቱን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን አራግፈው ሲወጡ ለማየት ተዘጋጀሁ። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ከበሩ የሚገባ ነፋስ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ጋቢያቸው ሥር ጉልበታቸውም እንደዚያው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔን አያዩም ነበር፤ በዓይናቸው ጫፍ የሚያዩት የኔታን ነው። ሁላችንን ሲያስፈራ የኖረ ሰው ፈርቷል። ይህን ማየቴ አላጽናናኝም፤ ይብሱን አስጨነቀኝ። እንዲህ ሆኖ ያየሁት ሰው ከእንግዲህ አይምረኝም አልኩ።

«ልየው፣ ልጁ ያለው ልክ ነው?» አሉ የኔታ።

«ልክ ነው፣ የኔታ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ድገመው።»

እኔ አልገባኝም፤ ዶክተሩ ግን ገብቷቸዋል። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲሳሳት ወቀሳም ይቅርታም የለም፤ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ቃሉ ልክ እስኪሆን ድረስ ይደግማል። ዶክተር ልየው ወረቀቱን አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። እንደ ተማሪም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለስለስ ብለው እየተወዘወዙ ጀመሩ።

«ትንሹ ቁጥር ወጣቱ ነው። ወጣቶቹ ኮከቦች በቀጭኑ ላይ ናቸው፤ ፈጥነው ይዞራሉ፤ ተስተካክለው ይዞራሉ። ትልቁ ቁጥር...» እዚህ ላይ ምላሳቸው ልማዱን ተከትሎ «ወጣቱ» ሊል ዳዳው።

«ድገመው» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። እኔም ሳላውቀው ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ትልቁ ቁጥር አሮጌው ነው። አሮጌዎቹ ከሰፌዱ ወጥተው ተበትነዋል፤ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋልላሉ።»

«ስለ ምን?» አሉ የኔታ።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ተማሪ ከጎኑ ያለውን ልጅ ሲያይ እንደሚያየው ነው። እኔም በሹክሹክታ «ሲወለዱ ጋላክሲዋ ራሷ ገና አልረጋችም ነበር» አልኳቸው። «ከዚያም ወዲህ ብዙ ተገፍተዋል።»

«ሲወለዱ አገራቸው ገና አልረጋም ነበር» አሉ ዶክተሩ። «ከዚያም ወዲህ ብዙ ተገፍተዋል።»

የኔታ የታጠፈ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ዘረጉትና «በቃ» አሉ።

ጀምበር ስትጠልቅ የባቄላ ንፍሮና የተልባ ውሃ ቀረበልኝ። መጾሜን የኔታ ከየት እንዳወቁ አላውቅም፤ ከማዕዳቸው አስቀርተውልኝ ነበር። ሥጋ የሌለበት ወቅት ስለሆነ ማን ባረደው የሚል ጣጣም አልነበረም። ዶክተር ልየው በጽሑፉ ላይ ፈርመው ሲወጡ እስከ ደጃፉ ሸኘኋቸው። ፍርሃቴ አሁንም አልለቀቀኝም።

«ለምን እሳቸው ፊት?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። «እርስዎን ብቻዎን መንገር ፈርቼ ነው።»

ጋቢያቸውን አጣፉ። «ብቻዬን ብታገኘኝ አልሰማህም ነበር» አሉና ወደ ቅጥሩ ገቡ።

በዲፌንሱ ቀን ጠዋት፣ እንዳሉት፣ ደረሱ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ ኮትና ከረባት አድርገዋል። ፈታኙ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በተላከለት ላይ የነበረው ውጤት ለምን እንደተገለበጠ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ዶክተር ልየው «እኔ በተሳሳተ መንገድ ነግሬው፣ እሱ አረመኝ» አሉ። አንዲት ቃል አልጨመሩም። አለፍኩ። ስለዚያ ቀን ደግመን አንሥተን አናውቅም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን የጻፉትን ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ይልኩልኝ ነበር።

የኔታም ዶክተር ልየውም ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ በተራዬ አማካሪ ሆኛለሁ፤ ተማሪዎቼም ይፈሩኛል መሰለኝ፤ ያልኩትን ሁሉ «ልክ ነው መምህር» ብለው ይጽፉታል። ሁልጊዜ ልክ ልሆን እንደማልችል አውቃለሁ፤ የትኛው ላይ እንደተሳሳትኩ ግን የሚነግረኝ የለም። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ቢቸና እያለ ሲጣራ ይህን አሰብኩ። ያ የምፈራው ሰው ጉልበቱን ዝቅ ብሎ የሚስመው ሰው ነበረው። አንድ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ላርምህ ብሎ ቢመጣ፣ እኔን ድገም የሚለኝ ማን ነው? ከማከብራቸው ሰዎች መሐል አንድ በአንድ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። መኪናዬ መጥቶ ተሳፈርኩ፤ እስከ ደምበጫ ድረስ ከንፈሬ እንደዚያን ቀን «ትንሹ ቁጥር ወጣቱ ነው» ይል ነበር።